የነጠላ ዜማ ሸክላዎችን መልክ ማስያዝ፦ በአንድ ምሽት አስር ብቻ

ካርቶን ውስጥ፣ አልጋ ሥር ወይም አሮጌ ሻንጣ ውስጥ የተከመሩ ባለ ሰባት ኢንች የፖፕ ሸክላዎች ካሏችሁ ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው። ሰላሳ ይሁኑ ሦስት መቶ፣ የተወረሱ ይሁኑ አንድ በአንድ የተለቀሙ፣ አሠራሩ ያው ነው። ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ ሁሉንም በአንዴ አትንኩ። በአንድ ምሽት አስር ሸክላ ብቻ ውሰዱ። እያንዳንዱን ከመፈተሽ ጀምራችሁ መደርደሪያው ላይ እስኪገባ ድረስ ጨርሱት፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ እለፉ።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። መጀመሪያ ላይ ስልሳ የሚሆኑትን በአንድ ቀን ልገላገል ብዬ ሁሉንም ከከቨራቸው አወጣሁ፣ አጠብኩ፣ ለማድረቅ ደረደርኩ። ስመልሳቸው የትኛው ከየትኛው ከቨር እንደወጣ ጠፋብኝ። በተለያየ ጊዜ የታተሙ ሁለት ቅጂዎች ያሉኝ አንድ ዘፈን ነበር፤ የትኛው ሸክላ ከየትኛው ከቨር ጋር እንደመጣ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ከዚህም በላይ የቆጨኝ ግን ስልሳውንም አጥቤ አንዱን እንኳ ሳልሰማ ቀኑ መምሸቱ ነው።

ከመጀመራችን በፊት ስለ ዕቃው ትንሽ

ባለ ሰባት ኢንች 45 የመጣው በ1949 እ.ኤ.አ. ነው። ያመጣው አርሲኤ ቪክተር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ ተፎካካሪው ኮሎምቢያ ረጅም ጊዜ የሚጫወተውን ትልቁን ሸክላ በ1948 አውጥቶ ስለነበር መልስ መስጠት ነበረበት። መጀመሪያ አካባቢ ኩባንያው ሸክላዎቹን በሙዚቃ ዓይነት በቀለም ይለያቸው ነበር፦ ክላሲካል ቀይ፣ የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ (ካንትሪ) አረንጓዴ፣ የልጆች ቢጫ። ፖፑ ጥቁር ነበር። ቀለሞቹ ብዙም አልቆዩም፣ ጥቁሩ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

45 ማለት በደቂቃ 45 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። አንዱ ዙር 1.33 ሰከንድ ይፈጃል። ይህቺን ቁጥር ያዙልኝ፣ ኋላ ሸክላው ምን እንደታመመ ለማወቅ በጣም ትጠቅመናለች።

መሀሉ ላይ ያለው ትልቁ ቀዳዳ 38 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። በብሪታንያ የታተሙት ብዙዎቹ ደግሞ ትንሽ ቀዳዳ ኖሯቸው፣ ለጁክቦክስ፣ ማለትም ሳንቲም ሲገባበት ዘፈን ለሚያጫውተው ማሽን፣ ሲፈለግ ተገፍቶ የሚወጣ መሀል አላቸው። የእናንተ መሀሉ ካልወጣ በፍጹም አትግፉት። አንዴ ከወጣ አይመለስም። የሸክላው መሀል ከቦዩ፣ ማለትም መርፌው ከሚሄድበት ቀጭን መስመር፣ አካባቢ ወፈር ያለ መሆኑንም በጣታችሁ ዳሱት። እንዲህ የተሠራው ሸክላ በራሳቸው በሚቀይሩ የድሮ ማጫወቻዎች ላይ ሸክላዎች አንዱ በአንዱ ላይ ሲወድቁ ቦዮቻቸው እንዳይፋጩ ነው። እነዚህ ሸክላዎች ከመጀመሪያው የታሰቡት እንዲጫወቱ፣ ደጋግመው እንዲጫወቱ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ውድ ማሽን አያስፈልግም። ዲስቲልድ ውሃ፣ ማለትም ማዕድኑ የወጣለት ውሃ፣ አንድ ሊትር። ሁለት ወይም ሦስት ንጹሕ የማይክሮፋይበር ጨርቅ። ለሸክላ ተብሎ የተሠራ የካርቦን ፋይበር ብሩሽ። ሽታና ቀለም የሌለው የሳህን ፈሳሽ ሳሙና፣ እሱም ሁለት ጠብታ ብቻ። ማጉሊያ መነጽር፣ እርሳስ፣ የስልክ መብራት። ሳህን ማንጠፍጠፊያም ካለ ጥሩ ነው፣ ሸክላ አቁሞ ለማድረቅ ከሱ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። ለማስቀመጫ የሚሆኑ የፖሊኤትሊን የውስጥ ከረጢቶችና የፖሊፕሮፕሊን የውጭ ከረጢቶች፣ በሰባት ኢንች ልክ የተሠሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ወፍራምና ለስላሳ የሆነ፣ ሲከፈት የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ የሚሸት የፒቪሲ ከረጢት አትግዙ። ውስጡ ያለው ማለስለሻ ኬሚካል በጊዜ ብዛት ይወጣና ሸክላው ላይ ጭጋግ የመሰለ እድፍ ይተዋል። ያ እድፍ በማጠብ አይለቅም፤ ስታጫውቱትም ሽሽሽ የሚል ድምፅ ሆኖ ይሰማል።

አንደኛ፦ አያያዝ

ሸክላን በጠርዙና መሀሉ ላይ ባለው ወረቀት ያዙ። ሰባት ኢንች ትንሽ ስለሆነ በአንድ እጅ ይያዛል፦ አውራ ጣት ጠርዙ ላይ፣ ሌሎቹ ጣቶች መሀሉ ወረቀት ላይ። የጣት ቅባት ቦዩ ውስጥ ከገባ አቧራ ይስባል፣ አቧራውን ደግሞ መርፌው እየገፋ ያጠብቀዋል። ከከቨር ስታወጡ ጎትታችሁ አታውጡ። ከቨሩን ትንሽ በማጎበጥ አፉን ክፈቱና ሸክላው ራሱ ወደ መዳፋችሁ ይንሸራተት። የወረቀት ከቨር የሚቀደደው አብዛኛውን ጊዜ በችኮላ ሲጎተት ነው።

ሁለተኛ፦ በዓይን መመርመር

የክፍሉን መብራት ቀንሱና የስልኩን መብራት ከጎን፣ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩበት። ሸክላውን ከብርሃኑ ሥር ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ከላይ በሚመጣ ብርሃን የማይታይ ነገር ሁሉ አሁን ይወጣል። የፀጉር ያህል ቀጭን ጭረት ብዙ ጊዜ አይሰማም፣ ከከቨሩ ጋር በመፋተግ የመጣ ነው። ጭረቱን በጥፍራችሁ ጫፍ በጣም ቀስ ብላችሁ አቋርጡት። ጥፍራችሁን ከያዘው ድምፁም ላይ ይኖራል። ካልያዘው ብዙ አትጨነቁ።

ቀጥላችሁ ሸክላውን ወደ ዓይናችሁ ደረጃ አንሱና ጠርዙን ተመልከቱ፦ ተጣሟል? ቀላል መወላገድ በማጫወቻው ላይ ችግር ላይፈጥር ይችላል። እናስተካክለው ብላችሁ ግን ምድጃ ውስጥ ወይም በሁለት መስታወት መሀል ፀሐይ ላይ እንዳታደርጉት። ቦዩ የሚሠራው በሚሊ ሜትር ሽራፊ ነው፤ ሸክላው ቀጥ ቢል እንኳ ሙቀቱ ቦዩን ሊያበላሸው ይችላል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ለዩ፦ ሸክላው እውነት ቫይናል (የተለመደው የሸክላ ፕላስቲክ) ነው ወይስ ስታይሪን? በአሜሪካ ብዙ ፖፕ ነጠላ ዜማ፣ በተለይ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ፣ ፖሊስታይሪን በሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ተሠርቷል። ለፋብሪካው ርካሽና ፈጣን ነበር። በጣት ጥፍር ጠርዙን ነካ ስታደርጉት ሹል፣ ደረቅ ድምፅ ያሰማል፤ አይተጣጠፍም። መሀሉ ላይ ያለው ወረቀትም ከሸክላው ጋር አብሮ የተጋገረ ሳይሆን በሙጫ የተለጠፈ ነው፣ አንዳንዴም ጠርዙ ተነስቶ ታገኙታላችሁ። ስታይሪን በፍጥነት ይጎዳል። ያረጀ መርፌ ጥቂት ጊዜ ከሄደበት ያበላሸዋል፤ መርፌው ላዩ እያለ በእጅ ወደኋላ ማዞር ደግሞ ከዚያም ይብሳል። እንዲህ ያለውን ምልክት አድርጋችሁ ለይታችሁ ያዙት። ስታጥቡት ሙጫው እንዳይለቅ ሁለት እጥፍ ተጠንቀቁ።

ሦስተኛ፦ ማጽዳት

መጀመሪያ ደረቅ ብሩሽ። ሸክላውን ማጫወቻው ላይ አስቀምጡና እየዞረ የብሩሹን ጫፍ በቀስታ አሳርፉበት፣ ሁለት ወይም ሦስት ዙር፣ ከዚያ ብሩሹን ወደ ጠርዝ እያንሸራተታችሁ አንሱ። ብዙ ሸክላ ከዚህ በላይ አይፈልግም። እውነት ለመናገር ሰው የሚያጥበው ከሚያስፈልገው በላይ ነው። የሚያጣብቅ ነገር፣ የጣት አሻራ፣ ሻጋታ ወይም ብሩሽ የማያነሳው አቧራ ካለ ግን ወደ ውሃ እንሄዳለን።

አንድ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ላይ ሁለት ጠብታ ሳሙና ጨምሩ። ጨርቁን በዚህ አርጥባችሁ ጭመቁት፤ እርጥብ ይሁን እንጂ አይንጠብጠብ። ሸክላውን ንጹሕ ፎጣ ላይ አስተኙና ጨርቁን የቦዩን አቅጣጫ ተከትላችሁ በክብ አስኪዱት። ከመሀል ወደ ጠርዝ አቋርጣችሁ አትፈግፍጉ፣ ቆሻሻውን ቦይ ከቦይ ታሻግሩታላችሁ። ለመሀሉ ወረቀት የአንድ ጣት ያህል ርቀት ተዉለት። ይህቺን ችላ ብዬ አንድ ቀይ ሌብል ቀለሙ ለቆ ሸክላው ላይ ሲፈስ አይቻለሁ። ሸክላው ታጥቦ ንጹሕ ሆነ፣ የወረቀቱ ቀለም ግን አልተመለሰም። ሁለተኛውን ጨርቅ በንጹሕ ዲስቲልድ ውሃ ብቻ አርጥባችሁ ሳሙናውን አንሱ። ይህን አትዝለሉት፣ የቀረ ሳሙና ደርቆ መርፌው ላይ ይለጠፋል። የቧንቧ ውሃ የማልመክረውም ለዚሁ ነው፣ ሲደርቅ ማዕድኑን ቦዩ ውስጥ ይተዋል።

ከዚያ ሳህን ማንጠፍጠፊያው ላይ አቁሙት። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። በፀጉር ማድረቂያ አይሆንም፣ ፀሐይ ላይም አይሆንም።

አልኮልን በተመለከተ ሰው ይከራከራል። እኔ አልጠቀምም። በተለይ ከቫይናል ዘመን በፊት በነበረው በሼላክ የተሠራ ባለ 78 ሸክላ ካጋጠማችሁ ወይም አሉሚኒየም ላይ ላከር ተቀብቶ የተቀረጸ የሙከራ ቅጂ ከሆነ፣ አልኮል ያጠፋዋል። ያን ዓይነቱን የሙከራ ቅጂ ካገኛችሁ አታጽዱት፣ ደጋግማችሁም አታጫውቱት፤ በያንዳንዱ ማጫወት ድምፁ እየቀነሰ የሚሄድ ነገር ነው።

አራተኛ፦ መስማት

አሁን የተለፋበት ጉዳይ ላይ ደረስን። ማጫወቻውን ወደ 45 ቀይሩ። በአንዳንድ ማጫወቻ ቁልፍ ተጭኖ ይቀየራል፣ በአንዳንዱ ደግሞ ሳህኑን አንስቶ ቀበቶውን በእጅ ወደ ሰፊው የመዘውር ደረጃ ማዛወር ያስፈልጋል። ቀዳዳው ትልቅ ከሆነ አዳፕተሩን፣ ማለትም ቀዳዳውን የሚሞላውን ክብ ቁራጭ፣ አስገቡ። አዳፕተሩ የላላ ከሆነ ሸክላው ከመሀል ወጣ ብሎ ይዞርና ድምፁ ይወላውላል፤ ዘፋኙ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ይመስላል። መርፌው ላይ የሚያርፈው ክብደት አምራቹ ያዘዘው ይሁን። አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2.5 ግራም ነው። ቀንሼ ላድነው የሚለው ሐሳብ ስህተት ነው። የቀለለ መርፌ ቦዩ ውስጥ ይንገዳገዳል፣ ጎኑንም እየመታ ይጎዳዋል። የአልማዝ መርፌም ያረጃል፤ እንደ ዓይነቱና እንደ ንጽሕናው ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ድረስ ነው የሚሄደው። ሁለተኛ እጅ የገዛችሁት ማጫወቻ ከሆነ መርፌው ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚያውቅ ስለሌለ መጀመሪያ መርፌ ቀይሩ። ቅርጹ ክብ ጫፍ ቢሆን ለስታይሪን ይመረጣል።

ሁለቱንም ገጽ ሙሉውን ስሙ፣ ሳታቋርጡ። ስልካችሁን ራቅ አድርጉት። የምትሰሙት ጩኸት ከየት እንደሚመጣ ጆሯችሁ ይነግራችኋል፦

በ4 ሰከንድ ውስጥ 3 ጊዜ፣ ልክ በእኩል ርቀት ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ከሆነ ቦዩን ያቋረጠ ጭረት አለ ማለት ነው። የነገርኳችሁ 1.33 ሰከንድ ይህ ነው። ማጠብ አያድነውም፣ ምናልባት ውስጡ የተቀበረ ቆሻሻ ካለ ትንሽ ይቀንሰው ይሆናል።

ጠጠጠ የሚል ሥርዓት የሌለው ድምፅ አቧራ ወይም ስታቲክ፣ ማለትም ሸክላው ላይ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ፣ ነው። ይህ ተስፋ ያለው ነው፣ እንደገና አጽዱና ስሙ።

ዝም ባለው ቦታ ንጹሕ ሆኖ ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ወይም «ስ» የምትለው ፊደል ስትመጣ የሚሻክር፣ የሚሰነጠቅ ከሆነ፣ ቦዩ በድሮ መርፌ ተበልቷል። በዓይን ሲታይ ሸክላው እንደ መስታወት እያበራ ይህ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ሸክላን በዓይን ብቻ አትመዝኑ የምለው። በተቃራኒው ደግሞ ግራጫ የመሰለ፣ ጭረት የወረሰው ሸክላ መርፌ ሲያርፍበት ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ የሚያወጣበት ጊዜ አለ። የፖፕ ነጠላ ዜማ ጮክ ተደርጎ ነበር የሚቀረጸው፣ ጁክቦክስና ሬዲዮ ላይ ጎልቶ እንዲወጣ። ያ ጉልበት ብዙ ጭረት ይሸፍናል።

መርፌው ከዘለለ ወይም አንድ ቦታ ከተቀረቀረ የመርፌው ክንድ ጫፍ ላይ ሳንቲም እንዳታስቀምጡ። የተቀረቀረበትን ቦታ በማጉሊያ ፈልጉ። በብዛት የማገኘው ደርቆ የተጣበቀ ነጥብ ቆሻሻ ነው። ቦታውን በዲስቲልድ ውሃ አርጥቡት፣ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ቆይቶ በለሰለሰ ስቴኪኒ በቦዩ አቅጣጫ በጣም በቀስታ ንኩት። አንድ ጊዜ ዓመታት ሙሉ ሁለተኛው ስንኝ ላይ የሚቀር ሸክላ እንዲህ አድርጌ ከፈታሁ በኋላ መጨረሻውን ሰማሁት። ዘፈኑ እየቀነሰ ሳይሆን በአንድ የከበሮ ምት ድንገት እንደሚቆም የዚያን ቀን ነው ያወቅኩት። ሦስት ጊዜ መለስኩት።

በሞኖ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ሳይለይ በአንድ የድምፅ መስመር፣ የተቀረጹትን ማጉያችሁ የሞኖ ቁልፍ ካለው በሞኖ ስሙ። በሞኖ ቦይ ላይ ሙዚቃው ያለው በጎን እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመጣው ሁሉ ጩኸት ስለሆነ ቁልፉ ያንን ይቆርጠዋል። ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል።

ሁለተኛውን ገጽ አትናቁ። በ1960ዎቹ ብሪታንያ ውስጥ ነጠላ ዜማን አልበም ውስጥ አለማካተት የተለመደ ነበር፤ ብዙ የሁለተኛ ገጽ ዘፈን ከዚያች ትንሽ ሸክላ ሌላ ቤት የለውም። በአልበሙ ላይ ያለው ዘፈንም ቢሆን ከነጠላው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል፦ አጥሮ የተቆረጠ፣ በሌላ ሚክስ የተሠራ፣ አንዳንዴ በሌላ ቀን የተዘፈነ። እኔ የያዝኳቸውን እንድይዝ ያደረገኝ ይህ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

አምስተኛ፦ መመዝገብ

ሸክላው ገና ማጫወቻው ላይ እያለ ጻፉ። ደብተርም ይሆናል፣ ኤክሴልም ይሆናል። እኔ ሁለቱንም ሞክሬ ኤክሴል ላይ ቀርቻለሁ፣ መፈለግ ስለሚቀል። አምዶቹ እነዚህ ይሁኑ፦ ዘፋኝ፣ የመጀመሪያው ገጽ፣ ሁለተኛው ገጽ፣ አሳታሚ ኩባንያ፣ የካታሎግ ቁጥር፣ የታተመበት አገር፣ ዓመት፣ ባዶው ቀለበት ላይ የተጻፈው፣ የሸክላው ሁኔታ፣ የከቨሩ ሁኔታ፣ የተደመጠበት ቀን። መጨረሻ ላይ አንድ ነፃ አምድ ተዉ፣ ከየት እንዳገኛችሁትና ስትሰሙት ምን እንደተሰማችሁ የሚጻፍበት። ከዓመታት በኋላ ተመልሳችሁ የምታነቡት ይህንን አምድ ነው።

ባዶው ቀለበት ያልኩት በመጨረሻው ቦይና በወረቀቱ መሀል ያለው አንጸባራቂ ቦታ ነው። መብራቱን ከጎን አድርጋችሁ እዩት፦ የተመታ ወይም በእጅ የተጫረ ፊደልና ቁጥር ታገኛላችሁ። ይህ የሸክላው መታወቂያ ነው። የመሀሉ ወረቀት አንድ ዓይነት ሆኖ ይህ ቁጥር ከተለየ የታተመው ቦዩ ለብቻው ከተቆረጠበት ሌላ ዋና ቅጂ ነው፣ ድምፁም ሊለይ ይችላል። አንዳንዱ ላይ ዋናውን ቅጂ የቆረጠው ባለሙያ ስሙን ወይም ምልክቱን ትቶ ይገኛል፤ ጆርጅ ፔካም የተባለው እንግሊዛዊ «ፖርኪ» እያለ የጫረባቸው ሸክላዎች በሰብሳቢዎች ዘንድ በጣም ይታወቃሉ። የሁለቱንም ገጽ ጽሑፍ ልክ እንዳለ ገልብጡ፣ ሰረዙና ክፍተቱ ሳይቀር። ዲስኮግስ የሚባለው ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የሸክላ መዝገብ ላይ ይህንን ስታስገቡ የእናንተው ቅጂ የትኛው እንደሆነ ብዙ ጊዜ ለይቶ ያወጣላችኋል።

በዓመቱ ላይ ተጠንቀቁ። ብዙ የድሮ ነጠላ ዜማ ላይ ዓመት አልተጻፈም። የተጻፈም ከሆነ የተቀዳበት እንጂ ይህ ቅጂ የታተመበት ላይሆን ይችላል። በክብ ውስጥ ያለው የ«ፒ» ምልክት በብዛት መታየት የጀመረው በ1970ዎቹ ስለሆነ፣ በ1960ዎቹ የወጣ ዘፈን ላይ ካያችሁት ኋላ በድጋሚ የታተመ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

ለሁኔታው ጎልድማይን የተባለው የሰብሳቢዎች መጽሔት ያስለመደውን ደረጃ ተጠቀሙ፦ ከላይ «ሚንት»፣ ቀጥሎ «ኒር ሚንት»፣ «ቬሪ ጉድ ፕላስ»፣ «ቬሪ ጉድ»፣ «ጉድ»፣ ታች «ፑር»። ስሞቹ ያሳስታሉ፤ «ጉድ» የተባለው በእውነቱ ብዙ ጩኸት ያለው ሸክላ ነው። «ሚንት» የሚባለውን በጭራሽ ያልተጫወተ ካልሆነ አትስጡ። ለራሳችሁም ሆነ ለገዢ ሐቀኛ ሁኑ፣ ግማሽ ደረጃ ዝቅ አድርጎ መጻፍ ማንንም አይጎዳም።

ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ስም ካለ አትፋቁት። የድሮ ልጆች ሸክላቸውን ይዘው ጭፈራ ቤት ወይም ጓደኛ ቤት ሲሄዱ እንዳይቀያየር ስማቸውን ይጽፉበት ነበር። እኔ ጋ አንድ አለ፦ በሰማያዊ ቀለም ስም፣ ከሥሩ ቀን፣ ከቀኑ ጎን ትንሽ ኮከብ። ኮከቡ ያለው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው፣ ወረቀቱም በዚያ በኩል ነው ይበልጥ የተላላጠው። ያቺ ልጅ የትኛውን ዘፈን ትወድ እንደነበር ስሟን ብቻ እያነበብኩ አውቃለሁ። በዋጋ ደረጃ ይህ ጉድለት ተብሎ ይጻፋል። ይጻፍ እንጂ አይፋቅ።

ስድስተኛ፦ ከረጢትና ከቨር

ሸክላውን አዲሱ የፖሊኤትሊን ከረጢት ውስጥ አስገቡ። የድሮውን የኩባንያ የወረቀት ከቨር፣ መሀሉ ላይ ክብ ቀዳዳ ያለውን፣ አትጣሉት። ወረቀቱ አሲድ ስላለው ሸክላውን በቀጥታ ባይነካው ይሻላል፣ አቧራም ያራግፋል። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ በአንድ የፖሊፕሮፕሊን የውጭ ከረጢት ውስጥ አስቀምጧቸው። ሥዕል ያለው ከቨር ከሆነም እንዲሁ። ሸክላው ከውስጥ እየገፋ ዙሪያውን ክብ ምልክት እንዳያወጣበት ከከቨሩ ኋላ ይቀመጥ። የተቀደደ ከቨር በፕላስተር አታያይዙ። ሙጫው ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያም ወረቀቱን ይዞት ይሄዳል።

ሰባተኛ፦ ማስቀመጥ

ሁልጊዜ አቁሙ። አንዱን ባንዱ ላይ ማስተኛት ከሥር ያሉትን ያጣምማል፣ የከቨሮቹንም ሥዕል ያትማል። መጽሐፍ እንደሚደረደር ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ አይዘንበሉ፣ እርስ በርስም አይጨናነቁ። አንዱን ስትስቡ ጎረቤቱ ተከትሎ መውጣት የለበትም። ውስጡ 19 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሳጥን ይበቃል። አንድ ነጠላ ዜማ 40 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከነከቨሩ መቶው ወደ 5 ኪሎ ይጠጋል፣ ስለዚህ ከመቶ በላይ አንድ ሳጥን ውስጥ አትጫኑ፣ የካርቶን ታች ድንገት ይለቃል።

ቦታው ቀዝቀዝ ያለና የማይለዋወጥ ይሁን። ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እርጥበቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። እርጥበቱ ከዚያ በጣም ከበለጠ ወረቀቱ ላይ ሻጋታ ሊወጣ ይችላል። ማጉያ ላይ አታስቀምጡ፣ መስኮት አጠገብ አታስቀምጡ፣ በቀጥታ ወለል ላይም አታስቀምጡ፤ ውሃ ቢፈስ መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ ለአስር ደቂቃም ቢሆን አትተዉ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ስለ አደራደር ብዙ ይባላል። ሦስት መቶ እስኪደርስ ድረስ በዘፋኝ ስም ፊደል ተራ ይበቃችኋል። በዓመት መደርደር ያምራል፤ ግን ዓመቱን የማታውቁት ሸክላ ብዙ ስለሆነ መጨረሻ ላይ «ያልታወቀ» የሚል ትልቅ ክምር ይፈጠራል። በኩባንያና በካታሎግ ቁጥር መደርደር ለአንድ ኩባንያ ሰብሳቢ ብቻ ነው የሚጠቅመው። በየሃያው ሸክላ መሀል ጠንከር ያለ ካርቶን መለያ አስገቡ፣ ፊደሉን ላዩ ላይ ጻፉ። መለኪያዬ ይህ ነው፦ አንድ ሰው የዘፈን ስም ሲጠራ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አውጥቼ መርፌ ማሳረፍ አለብኝ። ካልቻልኩ አደራደሩ አልሠራም።

ስምንተኛ፦ በዲጂታል መቅዳት፣ ለሚፈልግ

ሁሉንም መቅዳት አያስፈልግም። ሌላ ቦታ የማይገኙትን፣ ማለትም የሁለተኛ ገጽ ዘፈኖችንና አጠር ተደርገው የታተሙትን አስቀድሙ። በ24 ቢት፣ በ96 ኪሎኸርዝ፣ ዋቭ (WAV) በሚባለው የፋይል ዓይነት አድርጋችሁ ቅዱ። የሦስት ደቂቃ ዘፈን ወደ 100 ሜጋባይት ይሆናል። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ 6 ዴሲቤል ዝቅ እንዲል አስተካክሉ፣ የነጠላ ዜማ መነሻ ድንገት ይጮሃልና። ጩኸት የሚያጠፋውን ሶፍትዌር ቢቻል አትንኩት። ጠቅታውን ሲያጠፋ የከበሮውን ጫፍም ይዞ ይሄዳል። ያልተነካውን ቅጂ ሁልጊዜ ያዙ፣ ዝርዝሩንም አብራችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

ድርብ የሆኑትና የሚላኩት

አስር በአስር ስትሄዱ አንድ ሸክላ ሁለቴ እንዳላችሁ ማየታችሁ አይቀርም። ሁለቱን በተከታታይ ስሙ፣ የተሻለውን ያዙ፣ ባዶው ቀለበት ላይ ያለው ጽሑፍ ከተለያየ ግን ሁለቱንም ያዙ። የቀረውን ለሚሰማ ሰው ስጡ።

በፖስታ ስትልኩ ሸክላውን ከሥዕል ከቨሩ አውጡትና በከረጢቱ ሆኖ ከከቨሩ ጎን ይቀመጥ። ውስጡ እንዳለ ከሄደ፣ ሳጥኑ በወደቀ ቁጥር የሸክላው ጠርዝ የከቨሩን ስፌት እየመታ ይቀደዋል። በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሀል አድርጉት፤ የአንዱ መስመር ቁም፣ የሌላው አግድም ይሁን፣ እንዳይታጠፍ። ካርቶኖቹም ከሸክላው በሁሉም ጎን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይለፉ። ለተቀባዩ ደግሞ አንድ ነገር ጻፉለት፦ ሲደርስ ወዲያው አትክፈተው፣ ከቅዝቃዜ ከመጣ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጥቂት ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ በሁለተኛው ገጽ ጀምር።